ከኢስቲኻራው በፊት

ከኋላሽ ቆሜ ማንበቤን አትቀየሚኝ። በሱቁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫሽን «ሜዲስን» ብለሽ በትልቁ ጽፈሻል፤ ከዚያ ሁለቴ ሰርዘሽዋል። ከሥሩ ማንም እንዳያየው በሚመስል ደቃቅ ጽሕፈት «ኤሌክትሮሜካኒካል» የሚል አለ። ምን እንደሆነ ስጠይቅሽ በመዳፍሽ ሸፈንሽውና «ኢስቲኻራ አድርጌያለሁ፣ አላህ ያለው ይሆናል» አልሽኝ። እህቴ ሆዴ፣ አላህ ያለውን ማንም አይመልሰውም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሁለቱን ረከዓ ስትሰግጂ የማንን ጉዳይ ይዘሽ ነው የቆምሽው? ያንቺን ነው ወይስ የአባን?

ይህን የምልሽ ኢስቲኻራን አቅልዬው እንዳይመስልሽ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለባልደረቦቻቸው ልክ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩት አድርገው ያስተምሩት እንደነበር ጃቢር ቢን አብዱላህ አስተላልፏል፣ ቡኻሪም ዘግቦታል። መድረሳ የተማርሽው ነው። በዱዓው ውስጥ ሰው ጉዳዩን ራሱ ይጠራል። ነገሩ ለዲኑ፣ ለኑሮውና ለመጨረሻው ኸይር ከሆነ እንዲገራለት ይለምናል፤ ካልሆነም ነገሩ ከእሱ፣ እሱም ከነገሩ እንዲርቅ፣ ኸይሩም የትም ይሁን የት እንዲሰጠውና ልቡ እንዲወደው ይለምናል። እንግዲህ ጉዳይሽን ካልጠራሽ ምኑን ነው የምትለምኝው? በአባ አፍ የተጠራ ጉዳይ ይዘሽ ከቆምሽ የሰገድሽው የአባን ኢስቲኻራ ነው። እሱ ደግሞ ለራሱ መስገድ ያውቅበታል።

ሰፈራችን ውስጥ ኢስቲኻራ ሌላ መልክ ይዟል። ሰው ሰግዶ ይተኛና ህልም ይጠብቃል። ደስ የሚል ነገር ካየ እሺ፣ የሚያስፈራ ካየ እምቢ። ዑለማዎች ግን ህልም መስፈርት እንዳልሆነ ደጋግመው ያስተምራሉ። ሰው የሚያውቁትን ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል፣ ወደ አንዱ ያዘነብላል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያም ይራመዳል። መንገዱ ከቀናለት ይቀጥላል፤ ከተዘጋበት ሌላ ያያል። ያን ቀን «ነጭ ጋዋን ለብሼ በህልሜ አየሁ» ያልሽኝን እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትሽ ከመጣ ጀምሮ እኛ ቤት ስለ ነጭ ጋዋን ሳይወራ የመሸበት ቀን የለም። ዘመድ ሁሉ «ዶክተርዬ» እያለ ነው የሚጠራሽ። ቀኑን ሙሉ ሲነገርሽ የዋለ ነገር ሌሊት ቢመጣብሽ ምን ይገርማል? እኔ በዚያ ህልም ላይ ስድስት ሰባት ዓመት አላስይዝም።

የእማን ነገር ደግሞ አውቀዋለሁ። ከሱብሂ በኋላ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ያ ረቢ ልጄን ዶክተር አድርግልኝ» ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማሻል። እያለቀሰች ነው የምትለው። አንቺም ያን ሰምተሽ ነው እንዲህ በደቃቁ የጻፍሽው። አባትን «አባ፣ እኔ ይህን አልፈልግም» ማለት ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። እናት በዱዓ የያዘችውን ነገር አልፈልግም ማለት ግን ለልጅ አላህን መቃወም ሆኖ ይሰማዋል። ብዙ ተማሪ አንደበቱ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። ዝም ይልና ዝምታውን ተወኩል ይለዋል። በአላህ መመካት ግን ሥራንና ቃልን ይዞ ነው የሚሄደው፤ አንቺን የያዘሽ ፍርሃት ነው። ፍርሃት መሆኑን ማወቅሽ ብቻ ግማሹን ያቀልልሻል።

እማ የምትለምነው ስለምትወድሽ ነው፤ የምትመኝልሽን ትልቅ ነገር ደግሞ በምታውቀው ስም ጠራችው። እሷ ባደገችበት መንደር ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተይዞ የሚኬድለት፣ ሲመጣም ሁሉ የሚነሳለት ሰው ሐኪም ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከመስገጃዋ ሳትነሳ አጠገቧ ተቀመጪ። «እማ፣ ዶክተር አድርግልኝ ከምትዪ ኸይሩን ምረጥላት በዪልኝ» በያት። እምቢ የምትል እናት አላውቅም። ዱዓዋ በዚህ አይቀንስም፤ ሜዲስንንም ሌላውንም ይይዛል። አንቺም ከዚያ በኋላ በግድግዳው በኩል ስትሰሚው አንገትሽን አያስደፋሽም።

እምነትሽ ያቆመሽን ጊዜ ደግሞ ማንም እንዳይወስድብሽ። ፈተናው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስንት ልጅ ከቤቱ ወጥቶ በማያውቀው ዶርም፣ ያለ ስልክ፣ ያለ እናት አድሯል! የሒሳብ ፈተና ዋዜማ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ተነስተሽ ሁለት ረከዓ ሰግደሽ ሱጁድ ላይ ብዙ እንደቆየሽ፣ ከዚያም እንደተኛሽ ነግረሽኛል። ያ እውነተኛ ነገር ነው። ግንባርሽን መሬት ላይ ስታኖሪ የሚሰማሽን እፎይታ ሰርተፍኬት ያለውም የሌለውም ሊሰጥሽ አይችልም። ዩኒቨርሲቲም ስትገቢ ይዘሽው ግቢ፤ የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ሲያስደነግጥሽ፣ የማታውቂው ከተማ ሲጨልምብሽ ያስፈልግሻል።

እዚያው ዶርም አብራሽ የነበረችው ጎረቤታችን ግን ውጤቷ 50 ከመቶ አልሞላም። እናቷ ለራጉኤል ስለት ተስላ ነበር፤ ልጅቷም የምትችለውን ሁሉ አጥንታለች። አሁን ሰው ሲያያት ምን ይላል? «ጸሎቷን አጓድላ ይሆናል» ይላል። ያንቺን ውጤት ደግሞ የዱዓ ፍሬ ይለዋል። ይህን አነጋገር ከአፍሽ እንዳልሰማው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ ነበሩ፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶው 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዳቸው ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በሺህ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጸሎታቸው ወደቀ ልንል ነው? መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ፣ ኮሮናና ጦርነት ዓመታቱን የቆራረጡበት ልጅ ነው እንዲህ የሆነው። የትምህርት ቤትን ጉድለት በልጅ ኃጢአት ማወራረድ ግፍ ነው። በሃይማኖት ስም ሲሆን ደግሞ ልጅቷ ልትደገፍበት የሚገባውን ግድግዳ ራሱን ነው የሚያፈርስባት።

እናቷ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ተገርፎ፣ ጠፍቶ ሄዶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ትሏን እንዳየ፣ ትሏ እየወደቀች እየወደቀች በሰባተኛው እንደወጣች። ሁሉም የሚያስታውሰው ትሏን ነው። እኔ ልቤን የሚነካኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አጎቱ ጌዴዎን ሲቆጣውና ሲገርፈው፣ ከዚህ ልጅ እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚዜመውን ያን ሁሉ ዜማ ይጠብቅ ነበር ብዬ አላስብም። ልጁ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፣ የተባለውን ተማረ፣ ከዚያ ማንም ያላሰበለትን ሆነ። ለጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ውጤቷ ሬሜዲያል የሚያስገባት ከሆነ ትግባ፤ ካልሆነ በግል ደግማ መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያም አለ። ይህን ስትነግሪያት ቡና አፍልተሽ፣ ጊዜ ሰጥተሽ ይሁን፤ በመንገድ ላይ «አይዞሽ» ብሎ ማለፍ ለእሷ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ተከታተያት። ሳትበላ ከዋለች፣ ሌሊት ካልተኛች፣ ከሰው ከራቀች፣ በተለይ መኖር እንደሰለቻት የሚያስመስል ቃል ከወጣት፣ «ጸልዪ» ብለሽ ብቻ እንዳትተያት፤ ዕለቱን ለእናቷ ንገሪ፣ ወደ ሐኪምም ይውሰዷት። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ሩቅ አይደለም። ስሙ በሰፈራችን መሳደቢያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንቱን ሰው ቤቱ ውስጥ ያስቀረው ይህ ስድብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ መድኃኒት ፈልጉ ብለው አዘዋል፤ የአእምሮን ሕመም ለይተው አላስቀሩም። ጸበሉም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር አይጣላም።

ወደ አባ ልመለስ። አባ ለምን ዶክተር እንደሚል ካልገባሽ ስታናግሪው ትጣያለሽ። በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ እዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መጀመሪያ ዕቃ ተሸከመ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ያገለገለ ካንዴላና ብሎን ዘርግቶ ሸጠ፤ ከዚያ ነው ይህች የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የመጣችው። አማርኛው ገና ሳይፈታ አያታችንን ሆስፒታል ይዞ ሲሄድ፣ በሽታዋን የሚያስረዳለት አጥቶ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ የቆመበትን ጊዜ ነግሮኛል። ያን ዕለት በልቡ የተከለው ነው ዛሬ ካንቺ የሚጠብቀው። ሌላም አለ። እጁ ከግራሶ ጸድቶ አያውቅም፤ የልጁ እጅ ንጹሕ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ክብር ያለው ምኞት ነው። ስትከራከሪው ምኞቱን አትርገጪበት።

ግፊቱ ከአባ ብቻም አልመጣም። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ከመቶ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ፖሊሲ ይዞ ለዓመታት ሄዷል። ታሪክ ወይም ሕግ የሚወድ ስንት ልጅ በቀመር ተመድቦ ተመርቋል። ሰፈር ደግሞ የራሱ ቀመር አለው፤ ጎበዝ ሐኪም ይሆናል፣ ከዚያ የሚቀጥለው መሐንዲስ፣ የወደቀ ጋራዥ ይገባል። አንቺን ያስፈራሽ ይህ የመጨረሻው ነው። ከፍተኛ ውጤት አምጥተሽ መኪና ብትመርጪ የወደቅሽ እንዳይመስልብሽ ነው።

ሕክምናን አላጥላላብሽም። ከልብሽ ከሆነ ዛሬውኑ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ። ግን የምታውቂው ሕክምና ጋዋኑን ብቻ ነው። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የተከራየችው ኢንተርን ከአዳር ስትመለስ ሰላም ከማለት አልፈሽ አናግረሻት ታውቂያለሽ? ሌሊት ስንት በሽተኛ እንዳየች፣ ሰው እጇ ላይ ሲሞት ምን እንደሚሰማት፣ ለቤት ኪራይ ከማን እንደምትበደር ጠይቂያት። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ኢንተርኖች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ሰምተሻል። እንዲያም ሆኖ በሽተኛውን የሚወዱ፣ በዚያ ድካም ውስጥ ደስታ የሚያገኙ ሐኪሞች አሉ። ከእነሱ አንዷ ለመሆን መፈለግ አለብሽ፤ የእነሱን ወንበር መፈለግ አይበቃም። ታማሚ ሰው አባቷ ያስገደዳት ሐኪም እጅ መውደቅ የለበትም፤ እሱም ሐቅ አለው።

ያንቺን ፍላጎት ደግሞ እኔ ከደረሰኝ ጀርባ አላነበብኩትም፤ ቀድሞም አውቀዋለሁ። ደንበኛ የመስኮት ሞተር ይዞ ሲመጣ ሌላው ሰው «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» ሲለው አንቺ ከፍተሽ ታዪዋለሽ። የዲናሞውን ሽቦ በቴስተር ትለኪያለሽ። ሌሊት ተደብቀሽ ስለ ባትሪ የምታዪውን ቪዲዮ እናውቃለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እዚህ ተራ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ይኸው አይደል? ኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለው፣ የዘይት ፊልትሮ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሚታ የለው። የአባን መደርደሪያ ቀና ብለሽ ብታዪው ከግማሽ የሚበልጠው እነዚህ ናቸው። ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ አሞርዛተሩ፣ ፓውዛው ይቀጥላል። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ኮሮላና ቪትዞችም በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ስለዚህ ነገ እንዘጋለን ማለቴ አይደለም። ግን የሚመጣው መኪና ሽቦና ባትሪ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አባ ደግሞ ብረቱን እንጂ ሽቦውን አያውቅም። ቤታችን ውስጥ ይህን ያየሽው አንቺ ነሽ። ለአባ ስትነግሪው ከዚህ ጀምሪ። «ሐኪም መሆን አልፈልግም» ብለሽ ከጀመርሽ የሚሰማው እምቢታሽን ነው፤ «አባ፣ ሱቁን የሚጠብቅልህ ትምህርት አለ» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ነጋዴ ነውና ጆሮውን ይሰጥሻል።

«ሴት ልጅ ብረት ውስጥ?» የሚሉሽ ይመጣሉ፤ ከመካከላቸውም ዲን የሚጠቅሱ ይኖራሉ። አትፍሪያቸው። ብረት ሥራን ያቃለለው የአገራችን ልማድ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚያገልል ልማድ ከመክፋቱ የተነሳ፣ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ቁርኣን ግን በሰበእ ሱራም በአንቢያእ ሱራም ስለ ነቢዩ ዳውድ ሲነግረን፣ አላህ ብረትን እንዳለዘበላቸውና ጥሩር መሥራትን እንዳስተማራቸው ነው የሚነግረን። ንጉሥ ነበሩ፣ ነቢይ ነበሩ፣ ከእጃቸው ሥራ ግን ይበሉ ነበር። ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሸቀጧን ወደ ሻም የምትልክ ነጋዴ ነበረች፤ ነቢያችንንም መጀመሪያ ያወቀቻቸው በታማኝነታቸው፣ በንግዷ ላይ አሠማርታቸው ነው። እኛ መርካቶ የተወለድን ሴቶች ይህን መርሳት የለብንም። ተገቢውን አለባበስሽንና ሶላትሽን ጠብቀሽ የምትሠሪው ሥራ ከሆነ ቱታውም ጋዋኑም ልብስ ነው።

ዲን የሚጠይቅሽ ከባዱ ጥያቄ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ዶክተር ነሽ ወይስ መካኒክ አይልም። ከየት አመጣሽው ነው የሚለው። አንቺ እዚሁ አድገሽ ታውቂያለሽ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮ የተነቀለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው የሶማሌ ተራን ስም ነው። በሐቅ የሚሠራው ነጋዴ ብዙ ሆኖ ሳለ ስማችን በጥቂቶች ይነሳል። አባ አንድም ቀን ሻጩን ሳያውቅ ያገለገለ ፓውዛ ገዝቶ አያውቅም። ግማሽ ዋጋ ሲሉት «የሰው ዓይን አልገዛም» ብሎ ሲመልሳቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያው ሳምንት ኪራይ ጎድሎበት ነበር። እኛ ያደግነው በዚያ እንጀራ ነው። አባ ካወረሰሽ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ይህን ደግሞ ሆስፒታልም ጋራዥም ይዘሽው መግባት ትችያለሽ። በሐሰት የሕመም ፈቃድ የሚጽፍ ሐኪም አለ፤ ያልተቀየረ ዕቃ ቀየርኩ ብሎ የሚያስከፍል መካኒክም አለ። የሁለቱም ሪዝቅ ተበላሽቷል።

ደግሞም ሁሉም ነገር በዚህ ምርጫ የሚያልቅ አይምሰልሽ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ዓመት ነው፤ የምትገቢበት የትምህርት ክፍል የሚወሰነው ከዚያ በኋላ በውጤትሽና በምርጫሽ ነው። ያ ጊዜ እግዚኦ የሚያሰኝ ጥናት አለው፤ ግን ራስሽን የምታዪበት ፋታም ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል፤ የመግቢያ ፈተናው ለብቻ ስለሆነ ቀኑ እንዳያልፍሽ። የኢትዮጵያ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም አውቶሞቲቭ ያስተምራል፤ ወረቀቱ ላይ አልጻፍሽውም፣ ጨምሪው። አራት አምስት ዓመት በማይወዱት ትምህርት ተጎትቶ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ የመውጫ ፈተናም አለ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ካለፉት ያላለፉት ይበዙ ነበር። ይህንን አባ አያውቅም፤ ንገሪው። እሱ ዲግሪ ማለት መግባት ይመስለዋል።

ከአባ ጋር ስትነጋገሪ ሱቅ ውስጥ አይሁን። ደንበኛ ፊት አባት አይሸነፍም። ጁምዓም አይሁን፤ ከሶላት በኋላ እንግዳ አይጠፋም። እሁድ ከኢሻ በኋላ፣ እራት ተበልቶ ሲያልቅ። አጎታችንን እኔ እጠራዋለሁ፤ አባ ታላቅ ወንድሙ ባለበት ድምፁን አያነሳም፣ አጎቴ ደግሞ የራሱ ልጅ በግድ አካውንቲንግ ተምሮ ዛሬ ታክሲ ሲነዳ እያየ ስለሆነ ነገሩ ይገባዋል። መጀመሪያ አመስግኚው። እንዲያው ለወግ እንዳይሆን፤ ያንን የሆስፒታል ኮሪደር ጠቅሰሽ፣ ለምን እንደሚመኝልሽ እንደገባሽ ንገሪው። ከዚያ የባትሪውን ነገር አምጪ። ከተቆጣ አትመልሺለት፤ አልቅሰሽም አትነሺ። «አባ፣ ዛሬ አትመልስልኝ፣ አንተም ኢስቲኻራ ስገድበት» በዪውና ተዪው። አባ በዲን ከመጡበት ይሰማል፤ ይህንን የምልሽ እሱን ለመጠምዘዝ እንዳይመስልሽ። ከልብሽ ካልሆነ አትበዪው።

እምቢ ቢልስ? እምቢ ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ያኔም ቢሆን አንቺ የምትችዪው አለ። በፍሬሽማኑ ዓመት ለሁለቱም የሚያበቃ ውጤት ይዘሽ ቆዪ፤ ዝቅ ያለ ውጤት ምርጫሽን በሰው እጅ ይጥለዋል። በየእረፍቱ እዚህ መጥተሽ ሥሪ፤ አባ ሥራሽን በዓይኑ ይይ። እሱ ክርክር ሰምቶ ሐሳቡን ሲለውጥ አይቼው አላውቅም፤ ያላመነበትን ዕቃ ሞክሮ፣ ሠርቶ ሲያይ ግን በማግስቱ ያንኑ ሲያስመጣ አይቻለሁ። አንቺም እስከዚያው ሕክምናውን በእውነት መርምሪው። ኢንተርኗን ጠይቂ፣ ከተፈቀደልሽ አንድ ቀን ተከትለሻት ዋይ። ምናልባት ትወጂው ይሆናል። ከወደድሽው የአባ ምኞትና ያንቺ ፍላጎት ገጠመ ማለት ነው፤ እኔም ያን ቀን ከሁላችሁ በላይ ደስ ይለኛል።

አሁን ያንን ደረሰኝ አዙሪው። «ኤሌክትሮሜካኒካል» የሚለውን እንደ ሌላው በትልቁ ጻፊው፣ «አውቶሞቲቭ» የሚለውን ከሥሩ፣ «ሜዲስን» የሚለውንም ሳትሰርዢ አጠገቡ አስቀምጪው። ከየፊቱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የት እንደሚሰጥ፣ ተመርቆ የት እንደሚሠራ ሙዪበት፤ የማታውቂውን ባዶ ተዪና እስከ እሁድ ጠይቀሽ ሙዪ። አባ በወረቀት የቀረበለትን ነገር መነጽሩን አድርጎ ነው የሚያየው። ዙህር ደርሷል፤ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፣ ሰግደሽ ነይ።